ማንም ያላመጣው መርዶ

ጥቅምት 6

ለልጄ ለፓስተሩ፣

እኔ ደህና ነኝ፤ ልጄና አማቼም ደህና ናቸው። ሰላምታው ይኸው አለቀ፤ አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

ደብዳቤህን መጀመሪያ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ መነጽሬን አድርጌ፣ ተቀምጬ ደገምኩት። ስቀመጥ ይሻላል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰ። ጣሪያው ያፈሳል። ሽማግሌዎቹ ስብሰባ ላይ ይበላላሉ። ማይክራፎኑ ይጮኻል። መዘምራኑ ልምምድ አይመጡም። ስብከቱ ሲረዝም ሰው ያዛጋል፣ ሲያጥር ደግሞ “ዛሬ ሳይዘጋጅ ነው የመጣው” ይላል። አንተ ሰውዬ፣ ይህን ለማን ነው የምትነግረው? እኔ እኮ ከፓስተር ጋር ኖሬ፣ ፓስተር ቀብሬ፣ የተረፈችኝ ጉልበት ይቺው ናት። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ገጹ ሊያልቅ ሲል፣ በጥቃቅን ፊደል፣ ዋናውን ነገር ጥግ ላይ ሸጎጥከው፦ በአማችዎ ማተሚያ ቤት ውስጥ የእርማት ሥራ ይኖር ይሆን? ሥራውስ አለ። አራሚው ጡረታ ወጥቷል፣ ወንበሩም ባዶ ነው። ለአማቼ ግን አልነገርኩትም። “ምነው?” ብለህ እንዳትጽፍልኝ፤ ደስ ስላላለኝ ነው።

ጋሼ ይደክማቸው ነበር ወይ ብለህም ጠይቀኸኛል። ያስተማረህ ባሌም እኮ ሰው ነበር! ይደክመው ነበር እንጂ። እሁድ ከሰዓት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ይዘረጋል፤ እኔ እያጉረመረምኩ አወልቅለታለሁ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ “ከነገ ጀምሮ መካኒክ እሆናለሁ” ይላል። ሰኞ ጠዋት ተነስቶ ይወጣል፤ ወደ ጋራዥ ግን አይደለም። ስለዚህ ድካምህ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ደብዳቤህን ከላይ እስከ ታች ብፈልግ፣ እንዲሆንልህ የምትፈልገው አንድም ነገር አጣሁበት። የምትፈልገው ሁሉም ነገር እንዲቀርልህ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሳታድበሰብስ መልስ። ባለፈው እሁድ መድረክ ላይ ቆመህ ምን ብለህ ጸለይክ? ስብከቱን አልፈልግም፤ ስብከት ማንም ይችላል። ጸሎቱን ቃል በቃል ጻፍልኝ።

እንዳትደውል። ጆሮዬ ግማሹን ነው የሚሰማው፤ በግማሽ ወሬ መናደድ ደግሞ ያደክማል። ሚስትህን ሳምልኝ፤ የምታሳዝነኝ እሷ ናት።

እማማ


ኅዳር 2

ለተከበሩ እማማ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምክንያቱን ብዘረዝር “እንደገና ጀመረው” ይሉኛልና ይቅር። ባለቤቴ ደብዳቤዎን አንብባ ከት ብላ ሳቀች። የሚረዳኝ ሰው አገኘሁ ትላለች። በዚህ ቤት ውስጥ እኔን የሚደግፍ የለም ማለት ነው።

ጸሎቱን ጻፍ ብለዋል፤ ይኸው። “ጌታ ሆይ፣ የታመሙትን አስብ፣ የደከሙትን ደግፍ። እህታችንን ልብስ ሰፊዋንም አጽናናት፤ በልጇ ጉዳይ የሆነውን ሁሉ የምትቀበልበትን ጸጋ ስጣት። ፈቃድህ ይሁን። አሜን።” ምን ይወጣለታል? አጭር ነው፣ ሥርዓት አለው፣ ማንንም አያስቀይምም።

ልብስ ሰፊዋን አያውቋትም። ሱቋ ከጸሎት ቤታችን በር ፊት ለፊት ነው። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላት፤ በያጅ ነው፣ ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ሄደ። ከክረምቱ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው፤ አብረውት የሄዱትም የት እንደገባ አናውቅም ይላሉ። በየእሁዱ በር ላይ ትጠብቀኝና “ፓስተር፣ ያን ነገር አደራ” ትለኛለች። እኔም እጸልይላታለሁ።

ለምን እንዲህ እየተጠነቀቅህ ትጸልያለህ እንደሚሉኝ አውቃለሁና ቀድሜ ልመልስ። የመዘምራን መሪያችንን ያስታውሱታል፤ ያ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጠው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጉባኤውን ሁሉ አስነስቼ “ከዚህ አልጋ ተነስቶ እዚህ ይዘምራል” ብዬ ጮኽኩ። እናቱ ጸሎቴን አምና አዲስ ጫማ ገዛችለት፣ ሲነሳ የሚያደርገው። ቀበርነው። ከቀብር ስንመለስ ጫማውን ከነካርቶኑ ይዛ መጣችና “ይሄንን ምን ላድርገው?” አለችኝ። እማማ፣ እኔ ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ቢሉኝ አልቀየምም። ከዚያ ወዲህ ግን በእኔ ጸሎት ምክንያት ጫማ የገዛ ሰው የለም።

ሰውን ተስፋ አድርግ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብኛል። የፊደል ስህተት ግን ቢያንስ ይታረማል። እባክዎን ለአማችዎ ይንገሩልኝ።

ደግሞ ጽሕፈትዎ ምነው ጠመመ? ቀኝ እጅዎን አሞዎታል እንዴ?

ልጅዎ


ኅዳር 20

ለልጄ፣

የእጄን ነገር ዝለለው።

ስለ ጫማው ሳነብ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ተናደድኩ፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ይቻላል። በእናትየው አይደለም፣ በሟቹም አይደለም፤ በአንተ ነው።

ይህ የጻፍክልኝ ነገር ጸሎት ነው? ሱቅ ገብቶ “ያላችሁን ስጡኝ፣ ከሌላችሁም ግድ የለም፣ ደህና ዋሉ” ብሎ እንደሚወጣ ሰው ነው የሆንከው። ባለሱቁ ምን ይስጥህ? እግዚአብሔር እምቢ እንዳይልህ አንተ ቀድመህ እምቢ አልክለት። እኔ ትህትና አልለውም። ትህትናን አውቀዋለሁ፤ ይህ ኩርፊያ ነው።

ባሌ የሚያበሳጭ ልማድ ነበረው። ሰው መጥቶ “ይጸልዩልኝ” ሲለው ዝም ብሎ አይጸልይም፤ “ምን ይሁንልህ?” ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው “እንዲያው ይባርኩኝ” ይላል። “በምን በኩል?” ይለዋል። “በሁሉም።” “ሁሉም ብዙ ነው፤ አንዱን ንገረኝ።” ምሳ ቀርቦ ይቀዘቅዛል፣ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ጥርሴን አፋጫለሁ፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። መጨረሻ ላይ አንዱ አለቀሰና “ወንድሜ እንዲያናግረኝ እፈልጋለሁ” አለ። የመጣው ለራስ ምታት ነበር። ጌታስ ዕውሩን ሰው ምን እንደሚፈልግ ጠይቆት የለ? መታወሩን እያየ! ሰው የሚፈልገውን አፉን ሞልቶ ሲናገር ነው ተስፋው የት እንደወደቀ የሚታወቀው።

“ጋሼ እኮ ሁሉም ነገር ይሆንላቸው ነበር” ትለኝ ይሆናል። ከልጄ በፊት የነበረውን ልጃችንን አታውቅም፣ አንተ ሳትመጣ ነው። ሲታመም ባሌ ለመነ፣ አልተሰጠውም፤ ቀበርነው። በሳምንቱ የጎረቤት ልጅ ታሞ ጠሩት። በሩ ላይ ቆሜ “አሁን በምን ፊትህ ነው የምትሄደው?” አልኩት። “ሌላ ፊት የለኝም” አለኝና ሄደ። ያን ቀን ጠላሁት። ዛሬ ግን ካንተ ጋር ሳስተያየው እንዴት እንደምወደው አልነግርህም።

አንድ ነገር ደግሞ አልገባኝም። “የሆነውን ሁሉ እንድትቀበል” ነው ያልከው? ምን ሆነ? የምታውቀው ነገር አለ? ከሌለ ሴትየዋ ምኑን ነው የምትቀበለው? እስቲ ምን እንደምትፈልግ ጠይቀሃት ታውቃለህ?

ለአማቼ አልነገርኩትም።

እማማ


ታኅሣሥ 8

ለተከበሩ እማማ፣

ያ የመጨረሻ ጥያቄዎ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ በደረሰኝ ኖሮ! ነገሩ ከፈነዳ በኋላ ነው የደረሰኝ። እንዴት ብዬ እንደምነግርዎ አላውቅም፤ ብቻ ከማንበብዎ በፊት ይቀመጡ።

ባለፈው ማክሰኞ የጸሎት ቤታችን ገንዘብ ያዥ እያለከለከ መጣና “የልብስ ሰፊዋ ልጅ መሞቱ ተረጋገጠ፣ ቤቷ ለቅሶ ነው” አለኝ። ደነገጥኩ። ኮቴን ለበስኩና ሄድኩ። ሱቁ ተዘግቷል፤ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ እሷ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እጇን ያዝኩ፣ “እግዚአብሔር ያጽናዎት” አልኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ዳቦ ሰጡኝ፣ በላሁ። ከዚያ አጠገቤ ያለውን ሽማግሌ በሹክሹክታ “መርዶውን ማን አመጣው?” ብዬ ጠየቅኩት።

እንደ እብድ አየኝ። “አንተ ነሃ!” አለ።

እዚህ ከተማ መጥፎ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነገረው ለፓስተር ነው። ፓስተሩ ይሰማል፣ ሽማግሌዎቹን ይዞ ሄዶ ለቤተሰቡ ያረዳል። እኔም ስንቱን እንዲህ አርድቻለሁ። እናም ከዚያ ማክሰኞ በፊት በነበረው እሁድ እንደ ልማዴ “በልጇ ጉዳይ የሆነውን ሁሉ እንድትቀበል” ስል፣ ልብስ ሰፊዋ “ፓስተሩ ሰምቷል፣ አፍ አውጥቶ መናገር ከብዶት ነው” ብላ አሰበች። ወደ ጸሐፊያችን ሄዳ ብትጠይቀው እሱም ጸሎቱን ሰምቶ ያንኑ ጠርጥሮ ኖሮ አቀረቀረ። እሱ ማቀርቀሩን ያየ ለገንዘብ ያዡ ነገረው። ገንዘብ ያዡ ለእኔ! ክሩን ብጎትተው ብጎትተው ጫፉ የእኔው ምላስ ላይ ተቋጥሮ አገኘሁት።

ታዲያ ብድግ ብለህ አልተናገርክም ወይ ይሉኛል። አልተናገርኩም። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም። በእጄ የያዝኩትን ዳቦ ጨርሼ፣ እጇን እንደገና ጨብጬ፣ ወጣሁ። ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኳት። አየችኝና “ሰው ተስፋ አድርጎ እንዳያዝን ብለህ ስትጠነቀቅ ልጁን ገደልከው” አለች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

እማማ፣ ምን ላድርግ? ሄጄ “አልሞተም” ብላትና ነገ እውነተኛው መርዶ ቢመጣስ? አንድን ልጅ ሁለት ጊዜ ላስቀብራት ነው? ዝም ብልስ? ምናልባት በእርግጥም ሞቶ ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ ለቅሶው ተለቀሰ፣ አለፈ። ይህን ስጽፍ ራሴን እንዴት እንደታዘብኩት አይጠይቁኝ። ወንበሩ አሁንም ባዶ ነው? በዚህ ሳምንት ውስጥ መምጣት እችላለሁ። እባክዎን ቶሎ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 14

ለልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመህ አንብበው፤ ስትጨርስ የምትሄድበት አለና።

ለአማቼ ነገርኩት። ወንበሩ ያንተ ነው፤ እስከ ጥር መጨረሻ ይጠብቅሃል፣ ደስም ብሎታል። ልትመጣ ከፈለግህ ና። ፓስተርነት እስራት አይደለም፤ አስተማሪህም ቢሆን በግድ አላስቀመጠህም። ያቺን ሴት ግን ጥቁር እንዳለበስካት ጥለሃት አትመጣም። እንዲያ ከመጣህ በሩን የምከፍትልህ እኔ አይደለሁም።

“ቢሞትስ?” ትለኛለህ። ቢሞት ይሞታል! አንተ ብትፈራም ባትፈራም። ሄደህ “ይኖራል” አትበላት፤ አታውቅም። “ሞቷል አላልኩም፣ ምንም አልሰማሁም፣ በፍርሃት ነው እንዲያ የጸለይኩት” በላት፣ ሰው ባለበት። ስትናደድ አትከላከል። ከዚያ ምን እንደምትፈልግ ጠይቃት፤ ብታውቀውም ከራሷ አፍ ይውጣ። ከዚያ እሱኑ ለምን። “ቢሆንም ባይሆንም” የምትለዋን ቅጥያ ተዋት። ፈቃዱ የሱ መሆኑን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ አንተ በየእሁዱ ማስታወስ አይጠበቅብህም።

አትፍራ ልልህ አልችልም፤ ፈሪ ነህ። እየፈራህ ሂድ። እምነት ማለት መርዶ እንደማይመጣ ማወቅ የሚመስልህ ከሆነ እስከ ዛሬ ምን ስትሰብክ ነበር? መልካም ነገር ከእግዚአብሔር መጠበቅ ዋስትና ቢሆን ኖሮ ፓስተር ምን ይሠራል፣ ጠበቃ ይበቃን ነበር። ሰው ሲጠብቅ ልቡ ክፍት ይሆናል፤ ክፍት ስለሆነም ይጎዳል። ዘግተህ ብታስቀምጠው አይጎዳም፤ ግን ማን ይገባበታል? አንተ ደክሞኛል ትላለህ። እኔን ከጠየቅኸኝ ያደከመህ ሥራው አይደለም፤ በሩን በትከሻህ ገፍተህ ይዘህ መኖርህ ነው።

በቃ፣ እጄ ዛለ። ሂድ!

እማማ


ጥር 12

ለተከበሩ እማማ፣

ዛሬ ተራው የእኔ ንዴት ነው። ልጅዎ ጽፋልኛለች። ቀኝ እጅዎ መታዘዝ ካቆመ ሰንብቷል፣ ሆስፒታልም ተመላልሰዋል፣ ያን ሁሉ የሰደቡኝም በግራ እጅዎ ነው። “የእጄን ነገር ዝለለው” ይባላል? ለእኔ በሩን ክፈት እያሉ የራስዎን ይቆልፋሉ? እንግዲህ ሳልጠይቅዎ ለመንኩ፤ ቀኝ እጅዎ እንዲታዘዝልዎ፣ ብዕር ጨብጠው እንደ ድሮው አጥብቀው እንዲሰድቡኝ። ቅጥያ አልጨመርኩበትም።

ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄድኩ። ለቅሶ የሚቀመጡት አልተነሱም ነበር፤ ገንዘብ ያዡም ጸሐፊውም አሉ። ልክ እንዳሉኝ ተናገርኩ። ጸሐፊው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እሷ ቀስ ብላ ቀና አለችና “ታዲያ ዳቦዬን ምን ብለህ በላህ?” አለችኝ። “ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጄን ቀበርኩት! አንተ እዚያ ተቀምጠህ እያኘክ!” አለች። እንዳሉኝ አልተከላከልኩም። ሰውን ሁሉ አስወጣች። እኔም ልወጣ ስል “አንተ የት ትሄዳለህ?” አለችኝ።

ምን ይሁንልዎ ብዬ ጠየቅኳት። “ምን እንደምፈልግ ጠፍቶህ ነው?” ብላ ጮኸችብኝ። “አልጠፋኝም፣ ይንገሩኝ” አልኳት። ከዚያ በጣቷ እያመለከተች “በዚያ በር ይግባልኝ” አለች። “ታሞም ይምጣ፣ ባዶ እጁንም ይምጣ፣ ተቀይሞኝም ከሆነ ተቀይሞ ይምጣ። ብቻ በዚያ በር ይግባ።” እኔም በዚያ በር እንዲገባ ለመንኩ። አልቆ ስወጣ እንደ ጀግና አልተሰማኝም። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት “እሺ” አለችና አጠገቤ ተቀመጠች፤ እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እሁድ ደግሞ መድረክ ላይ ያንኑ በግልጽ ለመንኩ። ሽማግሌዎቹ ቢሮ አስገብተው ጠመዱኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ባይመጣስ ሕዝቡን ምን ልትለው ነው አሉኝ። “አብሬያት አለቅሳለሁ” አልኩ። ተናደዱ። እኔም ተናደድኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ለሚገባ ነገር ተናደድኩ።

መጣ ወይ ይሉኛል። አልመጣም። ስልኩም ዝግ ነው። ምንም የተሰማ ነገር የለም።

ትናንት በሱቋ በኩል ሳልፍ ጠራችኝ። ጥቁሩን አውልቃለች። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ደህና ጨርቅ፣ ለሠርግ የሚሆን። “ና እዚህ ቁም” አለችኝ። ለልጇ ኮት ልትሰፋለት ነው። ልኩን የምትወስድበት ሰው አጥታ ስታስብ፣ በቁመትም በትከሻም ከእኔ ጋር እኩል መሆናችን ትዝ አላት። “እባክዎን ገና አይቁረጡት” የሚል ቃል እስከ ጥርሴ ድረስ መጣ፤ መልሼ ዋጥኩት። መስታወቱ ፊት አቁማ፣ መርፌዎቹን በከንፈሯ ነክሳ፣ ጨርቁን ትከሻዬ ላይ በመርፌ ታያይዝ ጀመር። መርፌው ወጋኝ። ስንቀሳቀስ “ቁም!” ትለኛለች።

ከኋላዬ ሆና ወገቡን እየለካች “ትሄዳለህ ሲሉ ሰማሁ፣ የማተሚያ ቤት ሥራ አግኝተህ” አለችኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም። መርፌዎቹን ከከንፈሯ አወጣችና በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። “ኮት እኮ በአንድ ልኬት አይወጣም። ለሁለተኛው ትኖራለህ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?”

ለአማችዎ አመሰግናለሁ ይበሉልኝ፤ ወንበሩንም ለሌላ ይስጠው። እኔ መምጣት አልችልም። ኮቱ ገና እጅጌ አልገባለትም።

ልጅዎ